የስምንት ቁጥር ምስማር ዕረፍት

ለመላው የባልዲ ተራ ነጋዴዎች፣ ደላሎች፣ ተሸካሚዎች፣ እንዲሁም ሳይገዙ ዝናብ ለመጠለል ብቻ በር ላይ ለምትቆሙ ክቡራን በሙሉ! በአቶ ዘበርጋ ሱቅ የኋላ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ ደመወዝና ያለ አንዲት ቀን ፈቃድ ያገለገለው ስምንት ቁጥር ምስማር፣ ባደረበት የዝገት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ ነሐሴ አሥር ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከግድግዳው በሞት ተለይቷል። ሟቹ ትዳር አልነበረውም። ሲሸከማት የኖረች አንዲት የእመቤታችን ሥዕል ግን ነበረችው። እሷም ተከትላው ወረደች፤ መስታወቷም ከሳፋዎቹ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ።

የሟቹ የቅርብ ቤተሰብ ዱባለ ዘበርጋ ድምፁን ሲሰማ አልደነገጠም። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከደነገጠ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። መጀመሪያ ትዝ ያለው ወገቡ ነው። መሰላል ሊወጣ ነው ማለት ነው።

«ወደቀች?» አለ ታናሽ ወንድሙ ማሙሸት፣ እርስ በርሳቸው ተሰካክተው አልላቀቅ ካሉት ባልዲዎች ላይ ቀና ሳይል።

«ወደቀች።»

«ምስማር ሲለቃት የምትወድቅ፣ አንተን እንዴት አድርጋ ነው የምትይዝህ ጋሼ?»

ዱባለ መልስ ነበረው። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከሠላሳ የማያንስ መልስ ነበረው፤ አንዳንዱን ራሱ አስቦት፣ አንዳንዱን ከቄሱ ጠይቆ ያመጣው። ግን መልሱን ለማንሳት ልክ ሃምሳ ኪሎ ከመሬት እንደማንሳት ከበደውና ተወው። ጎንበስ ብሎ ስብርባሪውን በባልዲ ክዳን ይለቅም ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው አቶ ዘበርጋ ከእምድብር ወዲያ ካለ መንደር የመጣ፣ ሚሲዮን ያጠመቀው ካቶሊክ ነበር። መርካቶ ውስጥ ጉራጌ ካቶሊክ መሆን አድካሚ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ አበራሽ፣ ክርና መርፌ ሻጯ፣ በየዓመቱ ነሐሴ በገባ ቁጥር «እናንተም ፍልሰታን ትጾማላችሁ እንዴ?» ትላለች። በየዓመቱ ዱባለ «አዎ እንጾማለን» ይላታል። በየዓመቱ ትደነቃለች። ዱባለ ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ያልቻለው ማሙሸትን ነው።

ማሙሸት በሃያ አምስት ዓመቱ መጠጥ ይዞት፣ ሰው ደግፎት ካልሆነ ቤቱ የማይገባ ሆኖ ነበር። ከዚያ ያወጣው አብነት ጋ ያለ አንድ የጸሎት አዳራሽ ነው። ዱባለ ይህን አይክድም፤ ሊክድ ቢፈልግም ያን ጊዜ ደግፎ የሚያስገባው ሰው እሱ ራሱ ስለነበር አይችልም። ታዲያ ማሙሸት ከመጠጡ ጋር ማርያምንም ተወ፤ በሁለቱም ምትክ አንዲት ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት፣ በባልዲና በጆግ መካከል፣ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም፣ ያቺው ጥያቄ ትጠየቃለች፦

«የት ተጽፏል?»

በፍልሰታ ደግሞ ይብስበታል።

«ሥጋዋ ዐረገ የሚለው የት ተጽፏል ጋሼ? ምዕራፍ ንገረኝና ዛሬውኑ አብሬህ ልጹም።»

«ሳይጻፍ የታወቀ ነገር አለ።»

«ማን አወቀው?»

«ከእኛ በፊት የነበሩት።»

«እነሱስ?»

«ከእነሱ በፊት ከነበሩት።»

«ቁጥሩን ነው የጠየቅኩህ።»

«ባለ ሃያ ሊትሩን አቀብለኝ ማሙሽ። ሰውየው ቆሟል።»

በፊት በፊት ዱባለ ይከራከር ነበር። አንድ ጊዜ «የትኞቹ መጻሕፍት ቅዱስ እንደሆኑ የሚናገረው ዝርዝርስ ራሱ የት ተጽፏል? አባቶች አይደሉም እንዴ መርጠው ያስረከቡህ?» ብሎ ማሙሸትን ሦስት ቀን ዝም አሰኝቶታል። በአራተኛው ቀን ማሙሸት ከአዳራሹ መልስ ይዞ መጣ። ዱባለ ለመልሱ መልስ አመጣ። በዚያ ዓመት መስከረም እስኪጠባ ድረስ ሱቁ ውስጥ ስለ ፕላስቲክ የተነጋገረ ሰው አልነበረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ማሙሸት፣ «አባቴ ቤት ለመግባት ደላላ አያስፈልገኝም!» አለ።

«መርካቶ ተወልደህ ደላላ ትንቃለህ?» አለው ዱባለ።

ያን ዕለት ፊት ለፊታቸው ብርድ ልብስ የሚሸጠው ጁነዲን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የያዘውን ሻይ ደንበኛ ላይ ደፋ። ጁነዲን ስልጤ ነው፤ የዱባለ እኩያ። ሁለቱም ወገን ዳኛ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ እሱ ግን ከነብርድ ልብሱ ገለልተኛ ነው። «እኔን አታስገቡኝ» ይላል። «እኛ ዘንድ መርየም በስሟ ሙሉ ምዕራፍ አላት። እናንተ ተጣልታችሁ ስታበቁ መጥታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።»

እንግዲህ ምስማሩ ያረፈ ዕለት፣ ዱባለ ስብርባሪውን ለቅሞ ሳይጨርስ፣ የተራው ማኅበር ጸሐፊ ኪዳነወልድ ጫማው ላይ ፌስታል አስሮ፣ አቃፊውን እንደ ሕፃን በካፖርቱ ውስጥ አቅፎ ከች አለ። የመጣበት ጉዳይ ይህ ነው፦ አሁንም በሞተ ሰው ስም ያሉ ሱቆች እስከ ጳጉሜን አንድ በወራሽ ስም ካልዞሩ ማኅበሩ ለሌላ ሰው ይሰጣቸዋል። የአቶ ዘበርጋ ሱቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሞተ ሰው ስም ነው ያለው።

«ቀላል ነው» አለ ኪዳነወልድ። «ማን ምን እንደወረሰ የጽሑፍ ማስረጃ ታመጣላችሁ፤ ስማችሁን እናስገባለን።»

«የጽሑፍ እንኳ የለንም» አለ ማሙሸት። «ግን የታወቀ ነው። አባታችን ለሁለታችሁ ብሎናል። በመስቀል፣ አገር ቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ባለበት።»

ኪዳነወልድ ምንም ተንኮል አላሰበም። እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ እንደ ደንቡ ጠየቀ።

«የት ተጽፏል?»

ከወዲያ ማዶ ጁነዲን በመጀመሪያ አሳለ፤ ቀጥሎ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተደፋ፤ ቀጥሎ «ያ ረቢ!» የሚል ድምፅ ከክምሩ ውስጥ ተሰማ። እትዬ አበራሽ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ምን ተባለ? ምን ተባለ?» አለች።

ዱባለ አልሳቀም። ወንድሙን ነበር የሚያየው። ማሙሸት ባልዲውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ባልዲው ጎኑ እየሰረጎደ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ከዚህ ሱቅ ሌላ በዓለም ላይ የሚያውቀው ሥራ የለውም።

«ምስክርስ?» አለ ማሙሸት ቀስ ብሎ።

«ማን ነበረ?»

ማሙሸት ቆጠረ። እናታቸው በለጥሻቸው፤ ሞታለች። ሁለት አጎቶች፤ ሞተዋል። እሱ ራሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። በሬውም በዚያው ቀን ታርዷል።

«ጋሼ ነበረ» አለ በመጨረሻ።

ኪዳነወልድ ወደ ዱባለ ዞረ። ዱባለ መስታወት የሞላ ክዳን ይዞ፣ «እናስብበታለን» አለ። 

በማግስቱ ሥዕሉን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ጭቃውን እየመረጠ ተክለ ሃይማኖት ጋ ወዳለው መስታወት ቆራጭ ወሰደው። ቆራጩ ፉርቃን የሚባል ቀልጣፋ ወጣት ነው። ክፈፉን ገልብጦ የኋላውን ካርቶን በቢላ ፈነቀለና፣ «ጋሼ፣ ዕቃ አለው» አለ።

ወረቀት ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ በስኳር ላስቲክ የተጠቀለለ። የዱባለ አባት ዘመን ሰዎች ለቤት ወረቀት ከሥዕል ጀርባ የተሻለ ካዝና አያውቁም ነበር፤ የገባ ሌባ ቢሆን እንኳ እሷን ለመንካት እጁ ይፈራል። ዱባለ መነጽሩን አወጣ። ከላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይላል። ቀኑ ጥር 1979 ነው፤ አባቱ ከመሞቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በፊት። ከዚያ የማመልከቻ ጸሐፊ ውብ የእጅ ጽሑፍ፦ እኔ ዘበርጋ፣ ሙሉ ጤንነት ሳለኝ፣ ሱቄንና በውስጡ ያለውን ንብረት ለበኩር ልጄ ለዱባለ ብቻ አውርሻለሁ። ማሙሸት ትምህርቱን ይማር። ከታች የአባቱ አውራ ጣት በወይን ጠጅ ቀለም፣ የሦስት ምስክሮች ፊርማ።

ዱባለ የፉርቃን በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና ነዎት?»

«መስታወቱን ቁረጥ ልጄ።»

ለበኩር ልጄ ለዱባለ ብቻ። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እንዴት ታሳርፋለች! ብቻውን ሱቅ ከፍቶ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሥዕሏ ከላይ ሆና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ የት ተጽፏል የሚል ሰው የሌለበት ጠዋት ታየው። ደግሞ ከዚያ በፊት የሚመጣው ጊዜ ታየው፤ ይህንን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አድርጎ፣ «ይኸው ማሙሽ፣ ተጽፏል» የሚልበት። አሥራ ስምንት ዓመት የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመለስ ምን ይላል? ወደ ሱቅ ሲመለስ «ይኸው ተጽፏል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ አጠናት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሄድ ሚኒባስ ጭቃ ሲረጨው እንኳ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶታል።

ሱቅ ሲደርስ ማሙሸት ቆጡ ላይ ወጥቶ የድሮ ካርቶኖች ገልብጧል። የእናታቸውን የእድር ደብተር፣ የ1985 የውሃ ደረሰኝ፣ የራሱን የአራተኛ ክፍል ካርድ አግኝቷል። ሰበዝ የምታህል ማስረጃ የለም። አቧራ ለብሶ ወረደና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ጋሼ» አለ።

ዱባለ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። አሁን ነው።

«አንተ ግን ታስታውሳለህ አይደል? በመስቀል ያለውን?»

«አስታውሳለሁ።»

«እስቲ እንደነበረ ንገረኝ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አንዳንዴ ከራሴ የፈጠርኩት ይመስለኛል።»

የዱባለ እጅ ኪሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወረቀቱ ከሸሚዙ ስር ኮሽ አለ። እጁን አውርዶ መናገር ጀመረ።

«በሬው ከመታረዱ በፊት ነው። ደጅ፣ ከዝግባው ስር ተቀምጧል። ታሞ ስለነበር ጋቢ ደርበንለታል። እርጥብ ሣር በቀኝ እጁ ያዘ። ‹ልጆቼ› አለ። ከዚያ አሳለው። እናታችን ውሃ ልትሰጠው ስትል በእጁ ከለከላት። ‹ልጆቼ፣ ሱቁ የሁለታችሁ ነው። አንደኛው ሲከፍት አንደኛው ይዝጋ። አንዱ ሌላውን ከዚያ በር ያስወጣ እንደሆነ ቡራኬዬ አይድረሰው።› ሣሩን ለሁለት ከፈለው። ለእኔ ሰጠኝ፤ ለአንተ ሰጠህ።»

«እኔ ሣሩን ኪሴ ከተትኩት» አለ ማሙሸት። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ከንፈሩ የአባቱን ቃል ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ዱባለ አይቶታል።

«ከተትከው። እናታችን ሱሪህን ስታጥብ አግኝታው አለቀሰች።»

«በኅዳር ሞተ።»

«አዲስ አበባ ሳይመለስ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ሰው ጃንጥላውን እያራገፈ ገብቶ የጆግ ዋጋ ጠየቀ፤ ሁለቱም አልመለሱለትም፤ ወጣ።

«ያው» አለ ማሙሸት አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ይሄ የማርያምን ጉዳይ አያረጋግጥም።»

«ማሙሽ፣ በእናትህ ዝም በል።»

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን ማኅበሩ ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተመረቀ ጀምሮ እንደታሸገ ነው። ጁነዲንና እትዬ አበራሽም አብረው መጡ። መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ሰው የማያነበው አንድ አንቀጽ ተገኝቷል፤ ወረቀት የሌለ እንደሆነ ሁለት ነባር ጎረቤቶች ይመሰክራሉ፣ በኩሩ ወራሽ ደግሞ ድርሻው ግማሽ ብቻ መሆኑን አምኖ ይፈርማል።

ኪዳነወልድ ቅጹን አወጣ።

«ጋሼ ዱባለ፣ ከእርስዎ ልጀምር። ወረቀት አለ?»

«ቃል አለ» አለ ዱባለ።

«ወረቀትስ?»

«ቃል አለ አልኩህ። እሱን ጻፍ።»

ኪዳነወልድ ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። «እትዬ አበራሽ፣ እርስዎስ?»

«እኔ እንግዲህ» አለች እትዬ አበራሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «የእነዚህ ሰዎች ሃይማኖት አይገባኝም። አንዱ እንደኛ ይጾማል ግን እኛን አይደለም፤ አንዱ ጭራሽ አይጾምም። ሱቁ ግን የሁለቱ ነው። ይሄንን ሕፃንም ያውቀዋል።»

«አቶ ጁነዲን?»

«ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው» አለ ጁነዲን። «አንዱ ሲከፍት፣ አንዱ ሲዘጋ አይቻለሁ። ሲስማሙ ግን ወላሂ አይቼ አላውቅም።»

«እሱ አይጻፍም።»

«አይጻፍ። እውነት ስለሆነ ነው የነገርኩህ።»

ቅጹ ወደ ዱባለ ዞረ። ኪዳነወልድ ጣቱን ከፊርማው ቦታ ላይ አሳረፈ። «ልብ ይበሉ ጋሼ። ዛሬ ከፈረሙ በኋላ፣ ነገ ሌላ ማስረጃ አገኘሁ ብለው ቢመጡ ዋጋ የለውም።»

ዱባለ ለመፈረም ጎንበስ ሲል ወረቀቱ ደረቱ ላይ ታጥፎ ኮሽ አለ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሰማው መሰለው። ማንም አልሰማም። ማሙሸት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ነበር፤ በቀጥታ፣ ያለ ደላላ። ዱባለ ደግሞ በሆዱ የራሱን አደረሰ፤ የለመደውን፣ በእሷ በኩል የሚሄደውን። ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ስም አሳምሮ ጻፈ።

በማግስቱ፣ በፍልሰታ በዓል ጠዋት፣ ዱባለ ቅዳሴ ቆሞ፣ መልስ ላይ ፉርቃን ጋ ጎራ ብሎ ሥዕሉን ተቀበለ። ፉርቃን የኋላ ካርቶኑን ሊመታ ሲል «ቆይ» አለው። ከደረት ኪሱ ያንን የታጠፈ ነገር አውጥቶ ከነላስቲኩ በቦታው አስቀመጠው። «አሁን ምታው። በዙሪያውም ፕላስተር ለጥፍበት። ወፍራሙን፣ የካርቶኑን። ጨምር። አሁንም ጨምር።»

ሱቁን የከፈተው ማሙሸት ነበር። ዱባለ አሥር ቁጥር ምስማር፣ መዶሻና መሰላል ይዞ መጣ፤ ሥዕሉን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ዱባለ ቀስ እያለ፣ በየእርከኑ ወገቡን እያማከረ ወጣ። መሰላሉ ሲንገዳገድ ታች ሁለት እጆች ያዙት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሙሸት በዚህች ሥዕል ጉዳይ እጁን ሲያነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«የያዝኩት አንተን ነው» አለ ማሙሸት ከታች። «እሷን አይደለም። እንዳይምታታ።»

ዱባለ በጥርሱ የነከሰውን ምስማር አወጣ። መታው፤ ገባ። አቧራ ፊቱ ላይ ዘነበ።

«አቀብለኝ።»

ማሙሸት ሥዕሉን አነሳው፤ ሲያነሳው ጀርባው ወደ እሱ ነበር። አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ፕላስተር ምንድን ነው? ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ እኮ ነው ያስመሰልከው።»

«አቀብለኝ።»

«ያ መስታወት ቆራጭ፣ ፉርቃን፣ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቶኝ ‹ወረቀቱ ጠቀማችሁ ወይ?› አለኝ። የምን ወረቀት እንደሆነ ግራ ገባኝ።»

ዱባለ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ማሙሸት ሥዕሉን አልሰጠውም። ጣቱ የፕላስተሩን ጫፍ አግኝቶ በጥፍሩ ይነካካዋል።

«ጋሼ?»

«ምን?»

«ወረቀት ነበረ?»

ዱባለ ዝቅ ብሎ ሥዕሉን ከእጁ ወሰደው። ሰቀለው። ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለውና አስተካከለው። ማዶ ጁነዲን ብርድ ልብስ ማጠፉን አቁሞ ያያል።

«ምን ተጽፎበት ነበር?» አለ ማሙሸት።

«አልነግርህም።»

«ለምን?»

«አልነግርህም አልኩህ ማሙሽ። መሰላሉን ያዝ፤ ልወርድ ነው።»